«ዘይት ዘይት ነው?» — የሞተር ሹካ አጭር ታሪክ

ስለ ሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ዘይት የታሪክ ጽሑፍ ይጻፋል እንዴ? ትሉን ይሆናል። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ አብዮቱ ተጽፎ ባላለቀበት አገር ስለ ዘይት! እውነታችሁን ነው። ግን እስቲ ትንሽ ታገሱን።

ከሰዓት በኋላ ደምበል ሕንጻ ፊት ለፊት ቆማችሁ የቦሌን መንገድ ተመልከቱ። ጀርባው ላይ የምግብ ሳጥን የጫነ ሞተረኛ ከመስቀል አደባባይ በኩል እየበረረ ይመጣል፤ ሰው ሲሻገር ያይና ፍሬን ይይዛል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ አፍንጫውን ይደፋል። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ የፊት ጎማው አስፋልቱን እንደነከሰ ይቆማል፣ ወይ እየነጠረ ይንሸራተታል። ልዩነቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው በቆሙት ሁለት ቱቦዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። እኛ «ሹካ» የምንለው እነዚህን ቱቦዎች ነው፤ ፈሳሹን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ «የሾክ ዘይት» ሲሉት እንሰማለን።

ይህ ፈሳሽ የዘጠና ዓመት ታሪክ አለው። ክርክራችንን በአጭሩ እናስቀምጠው፦ በየጋራዡ የሚሰማው «ዘይት ዘይት ነው፣ የተገኘውን ጨምርበት» የሚል ብሂል ድንቁርና አይደለም። ጊዜው ያለፈበት እውቀት ነው። ይሄኛው ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ድንቁርና ዝም ሲል፣ ያረጀ እውቀት ግን ይከራከራል።

ከካዛንቺስ እንጀምር

ካዛንቺስ ከደምበል ሩቅ አይደለም። የሰፈሩ ስም ራሱ ጣልያንኛ ነው፦ «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣልያን ተቋም ምህጻረ ቃል ነው። ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፣ በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ። በመካከሉ ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ ቤት ሠራ። ባለቤቶቹ ሄዱ፣ ስሙ ቀረ።

ጋራዥ ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። እስቲ አንድ ሜካኒክ ሲያወራ አድምጡት፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከሁሉም ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን «ሞላ» የሚለው ቃል ነው። ተጨምቆ ተመልሶ የሚወነጨፈውን ጥምዝምዝ ብረት ዛሬም የምንጠራው በጣልያኖቹ ስም ነው።

ሞላው መጣ። ዘይቱስ? ዘይቱ ገና አልመጣም ነበር። በ1930ዎቹ የጣልያን ጦር ይጠቀምባቸው ከነበሩት ሞተሮች አንዱ 500 ሲሲ የሆነው ሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 ነው። የፊት ሹካው በብረት ዘንጎች የተሠራ ሲሆን የሚሸከመው ሞላ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሹካዎች ውስጥ የሞላውን ንዝረት ለመግታት እርስ በርስ የሚፋተጉ ዲስኮች ይገጠሙ ነበር እንጂ ዘይት የሚባል ነገር አልነበረም።

ሞላ ብቻውን ምን ይጎድለዋል? አመሉ ይጎድለዋል እንበል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ጉልበቱን ይቀበላል፣ ግን አይውጠውም፤ መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ አንዴ የተመታ ሞተር ብዙ ጊዜ ይነጥራል። ጎማ በነጠረ ቁጥር መሬት ይለቃል፣ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢይዙት አያቆምም፣ መሪ ቢያዞሩት አይታጠፍም። የተቀበለውን ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያስቀር ነገር ያስፈልጋል።

ታሪኩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ጣልያን አዲስ አበባ ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው አር 12 እና አር 17 የተባሉ ሞተሮችን ይዞ ብቅ አለ። ቱቦ በቱቦ ውስጥ የሚገባበት ሹካ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ የዴንማርኩ ኒምቡስ በ1934 አምጥቶታል። የቢኤምደብሊው አዲስ ነገር ግን ቱቦው ውስጥ ዘይት ጨምሮ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ማስገደዱ ነው። ሹካው ሲጨመቅና ሲዘረጋ ዘይቱ በቀዳዳው ይሽሎከለካል፣ ይፋተጋል፣ ይሞቃል። ንጥረቱ በዚያው ይሞታል። ዛሬ ደምበል በር ላይ ከምናያቸው ሞተሮች የብዙዎቹ ሹካ የሚሠራው በዚሁ በ1935ቱ ሐሳብ ነው።

ልማዱ ከየት መጣ?

እንግዲህ ቀዳዳው የፋብሪካ ነው፤ አንዴ ተበስቷል፣ አይለወጥም። የሚለወጠው የዘይቱ ውፍረት ነው። ቀጭን ከሆነ ቶሎ ያልፋል፣ ሹካው ይልፈሰፈሳል። ወፍራም ከሆነ አላልፍም ይላል፣ ሹካው እንደ ዱላ ይደርቃል። የፊት ሹካ ዘይት መምረጥ ማለት ይህን ፍጥነት መምረጥ ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ሞተሮች በዘይት የሚሠራውን ሹካ በሰፊው ሲቀበሉ፣ የመመሪያ መጽሐፎቻቸው ባለቤቱን «20 ወይም 30 ቁጥር የሞተር ዘይት ጨምር» ይሉት ነበር። ለሹካ ተብሎ የሚሸጥ ዘይት በየሱቁ አይገኝም፣ የሹካዎቹም ቀዳዳ የተሠራው በዚያ ዘይት ታስቦ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ የጃፓን ሞተሮች መጡ። በ1970ዎቹ ከሆንዳ መመሪያዎች ብዙዎቹ ለሹካ የሚያዙት ኤ.ቲ.ኤፍ.ን፣ ማለትም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትን ነበር። ምክንያቱም ጄኔራል ሞተርስ በ1949 ደረጃ ያወጣለት፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዴክስሮን ብሎ ያሻሻለው ይህ ዘይት በዓለም ዙሪያ በየነዳጅ ማደያው ይገኝ ነበር።

ስለዚህ ሜካኒኩ «ሞተር ዘይት ጨምርበት» ወይም «ካምቢዮ ዘይት ይበቃዋል» ሲል ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በሆነ ዘመን፣ ለሆነ ሞተር፣ በፋብሪካው የታዘዘ ነገር ነው። ትእዛዙ አለፈ፣ ሞተሩ ተቀየረ፣ ልማዱ ቀረ። ልክ እንደ ካዛንቺስ ስም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ብልቃጡ ላይ «10ደብሊው» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስ.ኤ.ኢ.) ዘይትን በውፍረት መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። «ደብሊው»ዋ የእንግሊዝኛው ክረምት መነሻ ፊደል ናት፤ የእነሱ ክረምት ማለትም የበረዶው። ደረጃው ግን የወጣው ለሞተር ዘይት እንጂ ለሹካ ዘይት አይደለም። በዚህ የተነሳ የአንዱ ፋብሪካ 10ደብሊው የሹካ ዘይት ከሌላው 10ደብሊው ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

ታዲያ ምን ይታመን? ብልቃጡ ጀርባ ላይ ወይም በዘይቱ መግለጫ ወረቀት ላይ በደቃቁ የሚጻፍ ሌላ ቁጥር አለ፦ ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ያለው ውፍረት፣ በሴንቲስቶክ። የካምቢዮ ዘይት (ኤ.ቲ.ኤፍ.) በዚህ ልኬት ወደ 35 ገደማ ነው። ለብዙ ሞተር ሳይክሎች የሚታዘዘው 10ደብሊው የሹካ ዘይትም ከዚህ ብዙም አይርቅም። በአገራችን በየሱቁ የሚገኘው 20ደብሊው-50 የሞተር ዘይት ግን ከ150 በላይ ነው። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው!

ያውም በ40 ዲግሪ ሲለካ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ናት፤ ማለዳ ሥራ ለሚወጣ ሞተረኛ አየሩ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዘይት ደግሞ ሲበርድ ይወፍራል። ያ ሞተረኛ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በየሰፈሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን ላይ ሲገባ የደረቀው ሹካ ድንጋዩን ተከትሎ መውረድና መውጣት ያቅተዋል። ጎማው ከድንጋይ ጫፍ ወደ ድንጋይ ጫፍ ይዘላል። ሰውዬው መሪው እጁን ሲያንዘፈዝፈው «ሾኩ ጠንካራ ነው» ብሎ ይደሰት ይሆናል። ዝናብ የጣለ ቀን ግን ጥንካሬው ዋጋ ያስከፍለዋል።

ሌሎች ሁለት ልማዶችም አሉ፤ እነዚህ እንኳን በየትኛውም ዘመን መመሪያ አያድናቸውም። አንደኛው ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት መጨመር ነው። ውስጡ የብረት ብናኝና ጥላሸት ስላለ ቱቦውንና ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ ይበላል። ሁለተኛው የፍሬን ዘይት ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ይሸውደናል፤ አብዛኛው የፍሬን ዘይት በስሙ «ዘይት» ይባል እንጂ ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል የሚሠራ ሌላ ፈሳሽ ነው። የሹካውን ጎማ ያበላሻል፣ ቀለምም ይልጣል። ሳምቡሳ የሚጠበስበትን፣ ሞተር የሚያለሰልሰውን፣ ፍሬን የሚገፋውን ሁሉ በአንድ ቃል «ዘይት» ብለን ስንጠራ እንዲህ ያለ ስህተት መምጣቱ አይገርምም።

ከሰኔ 30 በኋላ

የአዲስ አበባ ሞተረኛ ታሪክ ያለ ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. አይነገርም። የከተማው አስተዳደር በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ዝርፊያ በዝቷል ብሎ፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ያገደው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ብዙ ሞተር ግቢ ውስጥ ቆመ። የቆመ ሞተር ደግሞ ዝም ብሎ አይቆይም፦ ቱቦው ላይ ዝገት ይወጣል፣ ማገጃው ጎማ ይደርቃል፣ እንደገና ሲነዳ ዝገቱ ጎማውን ይቆርጠዋል፣ ዘይቱ ያንጠባጥባል። አንዳንዴም ፍሬኑ ዲስክ ላይ!

በኋላ ሞተሮች በፈቃድና በቁጥጥር ሲመለሱ፣ የተመለሱት በአብዛኛው ሳጥን ተሸክመው ነው። ዛሬ በደምበልና በካዛንቺስ መካከል የሚመላለሰው ወጣት ምሳችንን ይዞ የሚመጣልን ነው። ጋራዥ የሚውልባት እያንዳንዷ ቀን ገቢ የማያገኝባት ቀን ናት። «የተገኘውን ጨምርበትና ልሂድ» ቢል አንፈርድበትም። ለዚህ ነው ነገሩን እንደ ቀላል ያላየነው።

እንግዲህ ምን ያድርግ? መጀመሪያ የሞተሩን መመሪያ ይመልከት፤ ከሜካኒኩም፣ ከኛም ቃል ይልቅ ያ ይታመናል። ሁለተኛ፣ ለሹካ ተብሎ የተሠራ ዘይት ካጣ፣ መመሪያው ከሚያዘው ጋር የሚቀራረብ የሴንቲስቶክ ቁጥር ይፈልግ። 10ደብሊው ለሚጠይቅ ተራ ሹካ ንጹሕ ኤ.ቲ.ኤፍ. ከ20ደብሊው-50 እጅግ ይሻላል። ሦስተኛ፣ አሮጌው ተደፍቶ ሳያልቅ በላዩ አይጨመር፤ ጠቁሮ ወይም ግራጫ ሆኖ ከወጣ ጊዜው አልፎ ነበር ማለት ነው። አራተኛ፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። በብዙ ሞተሮች ከፍታው የሚለካው ሞላው ወጥቶ፣ ሹካው እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ነው። ከላይ የሚቀረው አየር ራሱ እንደ ሞላ ስለሚሠራ፣ ዘይት ሲበዛ አየሩ ይጠብና ሹካው ይደርቃል።

ጊዜው እየተለወጠ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ስሙ ግን አሁንም አለ። ከዚያ በፊት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በባትሪ የሚሄዱ ሞተሮችም በየመንገዱ እየታዩ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ካንዴላና ማርሚታ የሚሉት ቃላት ከነዕቃዎቹ ይረሱ ይሆናል። የኤሌክትሪኩም ሞተር ቢሆን ግን የፊት ጎማ አለው፣ ጎማውም ጉድጓድ ይመታል፣ ሹካውም ውስጥ ዘይት አለ። ቤንዚን ቢቀር የሾክ ዘይት አይቀርም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ምሳ ያመጣላችሁን ልጅ ሒሳቡን ስትሰጡት «ሹካህ ውስጥ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ግራ ቢገባው ይህን ጽሑፍ አንብቡለት።

ቸር ይግጠመን!