ወላይታ በመካከለኛው ዘመን የሃይማኖት ጦርነቶች

ወላይታ ሶዶ የተቆረቆረችው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። በዞኑ ካሉት ወረዳዎች ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ወይዴ፣ ዳሞት ሶሬና ዳሞት ፑላሳም ይህንኑ ስም ይዘዋል። ስሙ የሚያስታውሰው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ገናና የነበረውን የዳሞት መንግሥት ነው። የመንግሥቱ መናገሻ በትክክል የት እንደነበረ የታሪክ ሊቃውንት ገና ይከራከራሉ፤ የወላይታ አባቶች ትውፊት ግን ከዚሁ ተራራ አያርቀውም። የዘመኑ ጦርነት ሲተረክ ብዙ ጊዜ ክርስቲያኑ ንጉሥ በአንድ ወገን፣ ሙስሊሞቹ ሱልጣኖች በሌላ ወገን ተሰልፈው ይታያሉ። በዚህ አተራረክ የሚጠፋው ሦስተኛው ወገን ነው፤ በአባቶቹ እምነት የኖረ፣ ሁለቱም የፈሩት፣ በኋላም ሁለቱም ወርቁንና ሰዉን የተሻሙበት የደቡብ ሕዝብ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ በስም የሚታወቀው በተለይ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ሞተለሚ ሸዋን እየወረረ አብያተ ክርስቲያናትን ያጠፋ ነበር። ከማረካቸው ሴቶች መካከል የጸጋ ዘአብ ሚስት እግዚእ ኃረያ ነበረች፤ ንጉሡ ሊያገባት ድግስ ሲያስደግስ መልአኩ ሚካኤል ነጥቆ ወደ ባሏ መለሳት። ኋላ ከእርሷ የተወለደው ተክለ ሃይማኖት ወደ ዳሞት ወርዶ ሞተለሚን ከነሕዝቡ አጠመቀ። ገድሉ የተጻፈው ነገሩ ከተፈጸመ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ እንደ ዜና መዋዕል የሚነበብ አይደለም፤ ሆኖም የሸዋ ክርስቲያኖች ከዳሞት ኃይል በታች የነበሩበትን ዘመን ትዝታ ይዞ ቆይቷል። በወላይታ ትውፊት ይኸው ንጉሥ ካዎ (ንጉሥ) ሞቶሎሚ ሳቶ ይባላል፤ የሚቆጠረውም ወላይታ ማላ ከሚባለው ጥንታዊ የነገሥታት ሐረግ ነው። ደብረ መንክራት የሚባለው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን በወላይታ መኖሩም ከዚሁ ስብከት ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ዳሞትን የሚያስፈልግ አገር ያደረጉት ወርቅና ባሪያ ናቸው። ከጊቤና ከኦሞ ወዲያ የሚመጣው ወርቅ በሸዋና በይፋት አልፎ ዘይላ ወደብ ይደርስ ነበር፤ ወደ ደቡብ የሚሄደው ደግሞ ጨውና ጨርቅ ነው። ይህን መንገድ የያዘ ቀረጡን ይይዛል፤ ቀረጡን የያዘ ፈረስና ጦር ይገዛል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው የደማስቆ ተወላጁ አል-ዑመሪ ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን ይዘረዝራል፤ ይፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርካ፣ ባሌና ዳራ ናቸው። ከእነዚህ ለወላይታ ቅርቡ ሐድያ ነበር። አል-ዑመሪ የሐድያን ንጉሥ 40000 ፈረሰኛ የሚያዝ ኃያል ያደርገዋል፤ ከሐድያ የሚወጡት ስልቦች በውጭ ገበያ በውድ ዋጋ ይሸጡ እንደነበርም ጽፏል። ተሸጠው ከሚያልፉት ሰዎች ብዙዎቹ የሙስሊምም የክርስቲያንም ሕግ የማይጠብቃቸው፣ በአባቶቻቸው እምነት የሚኖሩ የደቡብ ልጆች ነበሩ።

ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) ጦርነቱን የጀመሩት ከዚሁ ከደቡብ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ የወርቅ ወንጌል ላይ የሰፈረ የጉልት ጽሑፍ፣ በ1316/17 እግዚአብሔር የዳሞትን ሕዝብ ከንጉሡና ከመኳንንቱ ጋር በእጃቸው እንደጣለላቸው፣ ከሕዝቡም ቁጥር የሌለውን ወንድና ሴት ወደ ሌላ አገር እንዳፈለሱት፣ ቀጥሎም ሐድያን እንደያዙ ይናገራል። የድሉ ቅደም ተከተል ሊስተዋል ይገባል። ንጉሡ ከይፋቱ ሱልጣን ከሰብር አድ-ዲን ጋር ወደ ታላቁ ጦርነት የገቡት በ1332 ነው፤ ይህም የወርቁን ምንጭ ከያዙ 15 ዓመት ያህል ቆይተው መሆኑ ነው። ዜና መዋዕላቸው የ1332ቱን ዘመቻ ፍጹም የሃይማኖት ጦርነት አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሰብር አድ-ዲን አብያተ ክርስቲያናትን መስጊድ ላደርግ ብሎ ዛተ፣ የሐድያው አማኖም በአንድ ሐሰተኛ ነቢይ ምክር ግብር አልከፍልም አለ ይላል። እምነቱ እውነተኛ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ለእምነቱ የሞተ ሰው ብዙ ነው። ጦርነቱ የሚነሳበት ቀን ግን ብዙ ጊዜ ግብር የተቋረጠበት ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በድንበሩ አገር ጨዋ የሚባሉት የንጉሡ ጭፍሮች ሰፈሩ፤ ከነሱም ጋር ካህናት ገቡ። ለዐፄ ይስሐቅ (1414–1429) በጥንት አማርኛ በተገጠሙት የሙገሳ መዝሙሮች ውስጥ ወላይታ በቀድሞ መጠሪያው ከገባር አገሮች ተርታ ይጠቀሳል፤ ጋሞም እንዲሁ።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ዘመን ዳሞትና ሐድያ ምን ዓይነት ሥራ እንደተሰጣቸው ከአንድ ታሪክ በደንብ ይታያል። የሐድያው ገራድ (ገዥ) ማሂቆ ግብሩን ይዞ ግቢ አልገባም አለ። ንጉሡ ገራድነቱን ለአጎቱ ለባሞ ሰጡ፤ ማሂቆ እንዳያመልጥም የደዋሮና የባሌ ሰዎች በሩን እንዲዘጉ አዘዙ፤ የዳሞት ሠራዊት ተከታትሎ ገደለው፤ ራሱም ለንጉሡ ቀረበ። ከመቶ ዓመት በፊት የተማረከው ዳሞት አሁን ለክርስቲያኑ ንጉሥ ሙስሊም ጎረቤቱን የሚያሳድድ ሆኗል፤ የተመረጠው አዲሱ ገራድም ራሱ ሐድያ ነው። የንጉሡ ሚስት ንግሥት እሌኒም የሐድያ ገራድ ልጅ ነበረች። በ1509 የልጅ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ የላከችው፣ በሙስሊሞች ላይ በባሕር እንተባበር ያለችውም እሷ ናት። የክርስቲያኑን ዓለም እርዳታ ወደ ኢትዮጵያ የጠራችው ከሙስሊም ቤት የተወለደች ሴት መሆኗ፣ የጦርነቱ ድንበር በትዳርና በዝምድና ምን ያህል የተሸመነ እንደነበር ያሳያል።

ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዳሞትን ወርቅ ያነሳል፤ የዳሞት ባሮችም በሙስሊም ነጋዴዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ እንደነበሩ፣ ዓረቢያ፣ ፋርስ፣ ሕንድና ግብፅ በእነርሱ እንደተሞሉ፣ ከሰለሙም በኋላ ጎበዝ ተዋጊ እንደሚሆኑ ጽፏል። የዚህ የባሪያ ንግድ መስመር ሐዘን ከማንኛውም የጦር ሜዳ ይበልጣል፤ መዝሙር የሚገጥምለት ግን አልነበረም።

የአዳል ሙስሊሞች መሪ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በመጋቢት 1529 ሽንብራ ቆሬ ላይ ድል ሲያደርጉ የክርስቲያኑ መንግሥት የደቡብ ድንበር መፍረስ ጀመረ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ ፉቱሕ አል-ሐበሻ በተባለው መጽሐፉ ጦርነቱን ጂሃድ እያለ ይተርካል፤ ብዙ ክርስቲያን ሹማምንት እንደሰለሙም ያወሳል። ሐድያ ለኢማሙ ገባ፤ ዐፄ ልብነ ድንግልም ከአምባ አምባ እየሸሹ ኖረው በ1540 ሞቱ። ኢማሙ ከኦቶማን ቱርኮች ጠመንጃ ያዦች አገኙ፤ ዐፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ደግሞ በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋሎች በ1541 ገቡ። ኢማሙ በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ገላውዴዎስም በ1559 በሐረሩ አሚር ኑር ጦር ተገደሉ። ሁለቱም ወገን ጦሩንም ሀብቱንም ጨረሰ።

በዚህ ጊዜ ኦሮሞዎች ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥተው በሰፊው ተስፋፉ። ስለዚህ መስፋፋት በ1593 የጻፈው አባ ባሕርይ ለወላይታ ጎረቤት በሆነው በጋሞ የኖረ ካህን ነው። ብዙዎች ሆነን ሳለ ለምን ተሸነፍን ብሎ ይጠይቅና አገሩን በ10 ክፍል ከፍሎ ያያል፤ ዘጠኙ በየሰበቡ ከጦር ሲቀሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ ነው ይላል። ይህ ምሬት ከአንድ ካህን ብዕር መውጣቱ የጦርነቱ ዘመን አገሩን ምን ያህል እንዳደከመው ይመሰክራል። የዳሞት ሕዝብ ብዙው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ሄደ፤ ዛሬ በጎጃም ያለው የዳሞት ስም ከዚያ የመጣ ነው።

ወላይታ በአንጻሩ እዚያው ቆየ፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ካህን የሚሾመውና ታቦት የሚባርከው ከእስክንድርያ የሚላከው ጳጳስ ብቻ ነበር። ስለዚህ መንገድ ሲዘጋ የቀረው ካህን ሲሞት የሚተካው አይገኝም፤ ቅዳሴም ያበቃል። በወላይታ በወላይታ ማላ ቦታ የተተካው ሥርወ መንግሥት ትግሬ ማላ የሚባለው ሲሆን፣ መሥራቹ ሚካኤል ከትግራይ የመጣ እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል። በጋሞ የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች፤ መስቀላ የሚባለው የመስቀል በዓልም ቄስ በሌለበት ጭምር በታላቅነቱ ዘልቋል። በሐድያ በኩል የሆነውም ተመሳሳይ ነው። ከሐረር የተቆረጠው እስልምና ፋንዳኖ ከሚባለው የአገሩ እምነት ጋር ተዋህዶ ጾሙን ይዞ ቆየ። ሁለቱ ሃይማኖቶች ለ200 ዓመት የተዋጉበት አገር ሁለቱንም በራሱ መልክ አስቀራቸው። የወላይታ ካዎዎች ከዚያ በኋላ የደከሙት ኬላ ለሚባለው የመከላከያ ግንብ ነበር፤ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው ግንብ እስከ ዛሬ ይታያል።

ወላይታ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተመለሰው በ1894 መጨረሻ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በዘመቱበት ጦርነት ነው። ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡት የወሎው ራስ ሚካኤልና ሙስሊሙ የጅማ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር አብረው ተሰልፈዋል፤ የጥንቱ የሃይማኖት ወሰን በዚህ ሰልፍ ውስጥ አልነበረም። የግብሩ ጥያቄና ምርኮው ግን እንደ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነበሩ። ዘመቻውን ያየው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም እልቂቱን በዝርዝር ጽፎ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ድርሻ ብቻ 18000 ከብትና 1800 ባሪያ እንደነበር መዝግቧል። የወላይታው ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።