ሳይቃጠል በቅጠል፦ ግሎ ድርግም ስለሚል ላፕቶፕ

ላፕቶፕ በሥራ መካከል ድርግም ሲል ብዙዎቻችን «በቃ፣ ሞተ» ብለን እንደመድማለን። ከዚያም አዲስ እንገዛለን፤ አሮጌው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የልጆቹ ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፉና የመኖሪያ ፈቃድ ሰነዱም አብረውት ይቀበራሉ። ከሥራ ሰዓት ውጪ የወዳጅ ዘመድ ኮምፒዩተር ስጠግን ዓመታት ተቆጥረዋል። «ግሎ ይጠፋል» ተብለው ከመጡልኝ ውስጥ አብዛኞቹ መተንፈስ አቅቷቸው እንጂ ሞተው አልነበረም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምን ምን፣ በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንዳለባችሁ እነሆ።

ለምን ይጠፋል?

ፕሮሰሰሩ በውስጡ የሙቀት መለኪያ አለው። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ በመጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ኮምፒዩተሩ የሚንቀራፈፈው ያኔ ነው። ይህም ካልበቃው፣ ከመቃጠሉ በፊት ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ድርግም ማለቱ እንግዲህ ራሱን ማዳኑ ነው።

ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ አራት ነገሮችን ያልፋል። ከፕሮሰሰሩ ጀርባ በተቀባው ቅባት አድርጎ ወደ መዳብ ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው ጫፉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ለተደረደሩ ስስ ብረቶች ያስረክበዋል፤ ማራገቢያው ደግሞ በብረቶቹ መሐል አየር እየነፋ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ከአራቱ አንዱ ከታወከ ሌሎቹ ብቻቸውን አይችሉትም።

በእርግጥ ሙቀት ነው?

የሚጠፋ ሁሉ በሙቀት አይጠፋም። እኔ በመጀመሪያ የምጠይቀው እንዴት እንደሚጠፋ ነው።

ቪዲዮ ወይም ጌም ከተከፈተ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ከጠፋ፣ ወዲያው ሲያበሩት እንደገና ከጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት አርፎ ግን በደህና ከሠራ፣ ጥፋተኛው ሙቀት ነው ማለት ይቻላል። የቻርጀሩ ገመድ ሲነካ ከጠፋ ገመዱን ወይም መሰኪያውን ተጠራጠሩ። ቻርጅ ላይ ሆኖ እየሠራ፣ ሲነቀል ግን ባትሪው 30 በመቶ እያሳየ ከጠፋ ያረጀው ባትሪው ነው።

በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ብታገኙ አትደናገጡ፤ ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ይልቅ ኤችደብሊውኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ ሙቀቱን ራሳችሁ ለኩ። ምንም ሳትሠሩበት ከ40 እስከ 55 ዲግሪ፣ ከባድ ሥራ ላይ ደግሞ ከ70 እስከ 90 ቢያሳይ የተለመደ ነው። ባዶውን ተቀምጦ 80 ካሳየ መንገዱ ተዘግቷል።

በቅደም ተከተል

1. ፋይላችሁን አድኑ። ቀዝቅዞ በሠራባት በመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት አስፈላጊውን ሁሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ጥገናው ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

2. ቦታውን ቀይሩ። ብዙ ላፕቶፖች አየር የሚስቡት ከሆዳቸው በኩል ነው፤ አልጋና ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ብርድ ልብሱ ያፍናቸዋል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። አብዛኞቹ አምራቾች የሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ፣ በበጋ ኤሲ የሌለው ክፍል ይህን በቀላሉ እንደሚያልፍ አስታውሱ።

3. ሥራ የሚበዛበትን ፕሮግራም ፈልጉ። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር፣ በማክ አክቲቪቲ ሞኒተር ይነግራችኋል። ሳታዙት ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ እንግዳ ፕሮግራም ካያችሁ ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

4. አቧራውን አውጡ። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይድናሉ። አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የሚወጣ ባትሪ ካለውም አውጡ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የታመቀ አየር ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ በአጭር በአጭሩ ንፉ። ማራገቢያው ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር በስስ እንጨት ያዙት። በአፍ መንፋት እርጥበት ያስገባል፤ የቤት ውስጥ አቧራ መምጠጫም በስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን ሊጎዳ ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አቧራው በማራገቢያውና በብረቶቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ ስለሚጋገር፣ ከታች ያለውን ክዳን ካልከፈቱ አይወጣም። ዋስትናው ካላለቀ ራሳችሁ አትክፈቱት።

5. ማራገቢያውን አዳምጡ። እየጋለ ዝም ካለ ወይም ከተንኳኳ ይለወጥ፤ ብዙ ጊዜ ውድ ዕቃ አይደለም።

6. ቅባቱን አድሱ። ተርማል ፔስት የሚባለው ይህ ቅባት በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ትቀባለች። እጁ ላልለመደ ሰው ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ጥገናው እስኪደርስ ማስታገሻ አለ። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ብታወርዱት፣ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ተጨማሪ ፍጥነቱ ይዘጋና ሙቀቱ በግልጽ ይቀንሳል። በአንዳንድ አዳዲሶች ላይ ግን ይህ ምርጫ ተደብቋል።

ቀልድ የሌለበት ጉዳይ

የመዳፊቱ ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ወይም ሆዱ ከነፋ፣ ባትሪው አብጧል። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቻርጅ አታድርጉት፣ አትውጉት፣ አትጫኑት፤ አሮጌ ባትሪ ወደሚረከቡ ቦታዎች ውሰዱት። በሻንጣም ሆነ በእጅ ይዛችሁ አውሮፕላን እንዳትሳፈሩ። አፕል በጁን 2019 እ.ኤ.አ. ከልክ በላይ ሊግል የሚችል ባትሪ ያላቸውን ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች ሲጠራ፣ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም በዚያው ዓመት አየር መንገዶችን አስጠንቅቆ ነበር።

ወደ አገር ቤት ለምትልኩ

አሮጌ ላፕቶፕ ለእህት ወንድም መላክ የኛ ወግ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በግምት አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ማራገቢያ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ያነሰ ሙቀት ያወጣል ማለት ነው። ዋሽንግተን ላይ በጭንቅ የሚሠራ ላፕቶፕ ቦሌ ሲደርስ ይጠፋል፤ ተቀባዩም «የተበላሸ ላኩልኝ» ይላል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት አስጠርጉት፣ ቅባቱን አሳድሱት፣ ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ አጫውታችሁ ሙቀቱን ለኩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከጠፋ ችግሩ ከማዘርቦርዱ ሊሆን ይችላል፤ ጥገናው ከላፕቶፑ ዋጋ ግማሹን ካለፈ አሰናብቱት። ያኔም ቢሆን ፋይላችሁ በእጃችሁ ነው።