የክረምቱ ማብቂያ በስሜን ግርጌ፦ ዘመድ የሚሰባሰብባቸው በዓላት ታሪክ

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች የተበታተነ ቤተሰብ በብዛት የሚገናኘው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም 17 ባሉት ሳምንታት ነው። ቡሄ፣ የፍልሰታ ፍቺ፣ የጳጉሜው ሩፋኤል፣ ዘመን መለወጫና መስቀል በእነዚህ ሳምንታት ይከታተላሉ። ልማዱ የመላው ደገኛ ሲሆን፣ በስሜን ከሌላው ቦታ ይልቅ ክብደት ያገኘው ከመሬቱ አቀማመጥ የተነሣ ነው።

ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእሷ በስተ ምሥራቅ መሬቱ እየናረ ሄዶ ከ4,400 ሜትር በላይ ወደሆነው ቧሂትና ወደ ራስ ደጀን ይደርሳል፤ በሁለቱ መካከል የማይ ሻሃ ጥልቅ ሸለቆ አለ። ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲበረታ ወንዞች ይሞላሉ፣ ጉሙ ገደሉን ይሸፍናል፣ ጭቃው በቅሎ እንኳን ያሰናክላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ አምባ ደሴት ይሆናል። በበጋ የግማሽ ቀን መንገድ የነበረው የእህት ቤት ለሁለት ወር የማይደረስበት ይሆናል፤ የወለደች፣ የታመመ፣ የሞተ ዘመድ ወሬ ሳይሰማ ይቆያል። ስለዚህ ውኃው ሲጎድል የሚመጣው በዓል ከደስታው በተጨማሪ በክረምቱ ማን እንደደረሰ፣ ማን እንደጎደለ የሚታወቅበት ነበር። ለሞተው የሚለቀሰውም፣ ለተወለደው እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚባለውም በዚያው ጉዞ ነው።

የቤተ መንግሥቱም ዓመት በዚሁ ዝናብ ላይ የተመሠረተ ነበር። ነገሥታቱ በበጋ ዘምተው በክረምት አንድ ቦታ ይከርማሉ፤ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆራት ጎንደርም ከዚህ የመክረሚያ ልማድ የወጣች ከተማ ናት። ጭፍራው ክረምቱ ሲገባ ይበተናል፤ መስቀል ሲደርስ እንደገና ተጠርቶ ይሰለፋል። ከጎንደር በስተ ሰሜን ላለችው ለወገራ ገበሬ ይህ ሁለት መልክ ነበረው። የራሱ ልጅ ከዘመቻ ሲመለስ ደስ ይለዋል፤ ተሰሪ ወታደር ተመድቦበት ጎተራውን ሲያራቁትበት ደግሞ ክረምቱ ይረዝምበታል። የመስቀል ድግስ ለብዙ ቤት መገናኛም መሰነባበቻም የነበረው ለዚህ ነው፤ ያበላችው እናት በማግስቱ ስንቅ ትቋጥራለች።

በዓላቱ በቅደም ተከተል ሲታዩ መሰባሰቡ እየሰፋ የሚሄድ መሆኑ ይታያል። ነሐሴ 13 የሚውለው ቡሄ የቅርብ ጎረቤትና የልጆች ነው። ከቡሄ በፊት ባሉት ቀናት እረኞች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ እናት ለየልጁ ሙልሙል ትጋግራለች፤ ወንዶች ልጆች በየደጁ እየጨፈሩ ሙልሙል ይቀበላሉ። በደጋው ገብስ ዋና እህል ስለሆነ ዳቦውም ጠላውም ከእሱ ይወጣል። የክረምቱ ማብቂያ ግን ጎተራ የሚጎድልበት፣ አዲሱም እህል ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ድግሱ የሚወጣው ከጥጋብ ሳይሆን ለዚህ ቀን ተብሎ ከተቆጠበ እህል መሆኑ ለበዓሉ ትልቅ ክብር የሚሰጥ ነገር ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ሲፈታ የቻለ ያርዳል። ጳጉሜ 3 ቀን የሩፋኤል ዝናብ እንደ ጠበል ይቆጠራልና ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይጠመቁበታል፤ በዓመቱ ውስጥ ዝናብ በመጣሉ የሚደሰቱበት በዓል ይኸው ነው። በዘመን መለወጫ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ራቅ ያለው ዘመድ፣ የተዳረችው ልጅና አማቹ የሚመጡት ከዚያ በኋላ፣ ወንዙ እየቀነሰ ሲሄድ ነው። በመስቀል ደመራው ዙሪያ ሁሉም ይገናኛል።

በእነዚሁ ተራሮች ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ከዝናቡ በኋላ በኅዳር ገደማ ስግድን ያከብሩ ነበር። ከየመንደሩ ወጥተው ተራራ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ቀኑን ጾመው ይጸልያሉ፣ ማምሻውን አብረው ይበላሉ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፕላን ከሀገር ከወጡ በኋላ መሰባሰቡ ወደ ኢየሩሳሌም ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ብሔራዊ በዓል አድርጎ አጸደቀው።

የመንገዱን ነገር የለወጠው ጣሊያን ነው። ከጎንደር ወደ ምፅዋ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ በሊማሊሞ ቁልቁለት ያልፍ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የወጣው በዚሁ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉ ተቆርጦ ጠመዝማዛው የመኪና መንገድ ተሠራ። በ1933 ክረምት ግን በመንገዱ አናት ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ተከቦ ስለነበር የደባርቅ አካባቢ በጦር ሜዳ አጠገብ ከረመ፤ ምሽጉ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው የመሰባሰቡን አቅጣጫ ገለበጠው። ቀድሞ ከተራራ የሚወርደው ዘመድ ይጠበቅ ነበር፤ ኋላ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ ይጠበቅ ጀመር። የሑመራ የሰሊጥ እርሻ ሲስፋፋ ደግሞ ጉልበት ያለው ወጣት በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም በኋላ ለአጨዳ ወደ ቆላ ስለሚወርድ ከበዓሉ የሚቀር በዛ።

በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በሌላ መንገድ ቤተሰብን አንቀሳቅሷል። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች የነበሩት የግጭ መንደር በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወረ። ሣሩ በመዛወሩ ተጠቅሟል፤ ከ400 በላይ አባወራዎች ግን የአባቶቻቸውን መቃብር ተራራው ላይ ትተው ወርደዋል፤ ይህ ኪሳራ በጥበቃው ስኬት ሊሸፈን አይገባውም።

በነሐሴ 2013 መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ዳባት አጠገብ እስካለችው ጨና ተክለሃይማኖት ደረሰ፤ ብዙ ሲቪሎች ተገደሉ። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀሉ ሰዎች ደባርቅና ዳባት ላይ ተጠልለው ስለነበር የ2014 ዘመን መለወጫ በብዙ ቤት ለቅሶና እንግዳ ማስተናገድ ሆኖ አለፈ።

ደባርቅ በ2010 ዓ.ም. የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው በዝቷል፤ በጳጉሜ ወደ ከተማዋ የሚገባውም ከእሷ የሚወጣውም ተሳፋሪ ብዙ ነው። ከቧሂት ማዶ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ ግን ከፍተኛውን በር ተሻግሮ ስለሚያልፍ በክረምት ጉሙና ጭቃው አሁንም ያስቸግራል። በማይ ሻሃ ሸለቆ ዳር ያሉ ቤተሰቦች ከደባርቅ ዘመዶቻቸው ጋር በብዛት የሚገናኙት ዛሬም ክረምቱ ካበቃ በኋላ ነው።