ጠቢብ የሚለው ስም ስድብ ስለ መሆኑ

በግዕዝ ቋንቋ ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ አስተዋይ፣ ልቡና እጁ የተባበሩለት ሰው ማለት ነው። ሙሴ ደብተራ ኦሪትን እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ከይሁዳ ነገድ የሆነውን ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ ወርቁንና ብሩን ናሱንም ይሠራ ዘንድ፣ ዕንቍውን ይቀርጽ ዘንድ፣ እንጨቱንም ይጠርብ ዘንድ የጥበብን መንፈስ እንደ መላበት በኦሪት ዘፀአት በ31ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። በእስራኤል ላይ ንጉሥ ገና ሳይቀባ፣ የእግዚአብሔር መንፈስ መላበት የተባለው ይህ ባለ መዶሻ ነው።

ይህ የከበረ ስም ከግዕዝ ወደ አማርኛ ሲወርድ ጠይብ ሆነ። አንዲት ፊደል ብቻ ብትለወጥ ኖሮ ጉዳት ባልነበረው፤ ነገር ግን ከፊደሉ ጋራ ምሥጢሩም ተለወጠ። ጠይብ ማለት በአገር ቋንቋ ዐዋቂ ማለት መሆኑ ቀርቶ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ርስት የሌለው፣ ዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚዞር ማለት ሆነ። ቡዳ የሚለውም ስም ተጨመረለት። እንዲሁም ቈዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማ የሚሠራው ሸማኔ፣ ምጣድና እንስራ የምትሠራይቱ ሸክላ ሠሪ፣ ሁሉም የሙያቸው ስም መሰደቢያቸው ሆነ።

ነገሩን እጅግ የሚያስደንቅ የሚያደርገው፣ ሰዳቢው ያለ ተሰዳቢው አንድ ቀን ማደር የማይችል መሆኑ ነው። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከጠይብ ይገዛል። ባላባቱ ጋሻውን ከፋቂ፣ ጦሩን ከቀጥቃጭ ይቀበላል፤ በበዓል ቀን የሚያጌጥበትንም ባለ ጥበብ ሸማ ያለበሰው ሸማኔ ነው። ባለቤቲቱ እንጀራ የምትጋግርበት ምጣድ፣ ጠላ የምትጠምቅበት ጋን ከሸክላ ሠሪ እጅ የወጣ ነው። ወደ ቤተ መቅደስም ቢገባ፣ ጸናጽሉ፣ ጽናሑ፣ መስቀሉ፣ ቃጭሉ የእሳትና የመዶሻ ሥራ ነው። ሕዝቡ መስቀሉን ይሳለማል፤ መስቀሉን የሠራው ሰው ግን ከእርሱ ጋራ በአንድ መሶብ አይቀርብም፤ ልጁንም አይድርለትም።

ስለዚህ ንቀት ምክንያት የሚሰጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ ይጀምራሉ። በኦሪት ዘፍጥረት በ4ኛው ምዕራፍ ናስና ብረትን የሚሠራው ቱባልቃይን ከቃየል ዘር መሆኑን ያነሣሉ። ይህን የሚሉት ግን ከዚያው ከፍ ብሎ ያለውን ቍጥር ዘልለው ነው። የቱባልቃይን ወንድም ዩባል በገና ለሚይዙ አባት ነው ተብሏልና። ብረት ከቃየል ቤት ስለ ወጣ የተናቀ ከሆነ፣ በገናም ከዚያው ቤት ወጥታለች፤ በገና ግን የዳዊት መሣሪያ ተብላ በመኳንንት ቤት ስትከበር ኖራለች። ሌሎቹ ደግሞ ጠይቦቹ ጌታ የተቸነከረበትን ችንካር የሠሩት ሰዎች ዘር ናቸው የሚል ወሬ ያወራሉ። ይህ በወንጌል የሌለ ነው። በወንጌል ያለው፣ የናዝሬት ሰዎች ጌታን ይህ ጸራቢ አይደለምን ብለው እንደ ናቁት ነው። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ ድንኳን ሰፍቶ በእጁ ሥራ እንደ ኖረ በግብረ ሐዋርያት በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። በአገራችንም ትውፊት ቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ከአለት ሲያሳንጽ፣ ሠራተኞች ቀን የሠሩትን መላእክት ሌሊት ይጨምሩበት ነበር ይባላል። መላእክት ያልናቁትን መጥረቢያ ሰው ናቀው።

ነገሩን ከታሪክ ለመረመረው ሰው ግን፣ የንቀቱ ሥር ከመጽሐፍ ይልቅ ከመሬት ላይ ይገኛል። በሰሜኑ አገር ሰው ሰው የሚባለው በርስቱ ነበር። ርስት ከአባት ከአያት እየተቈጠረ የሚወርድ ስለ ሆነ፣ ርስት የሌለው ሰው የትውልድ ሐረግ እንደሌለው፣ እንደ ባዕድ ይታይ ነበር። የቤተ እስራኤልን ነገር ብንመለከት ይህ በግልጽ ይታያል። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ በወገራና በደንቢያ በኩል ድል ባደረጓቸው ጊዜ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲይዝ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስቱን እንዲያጣ እንደ ፈረዱ ይነገራል። ፈላሻ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መሬቱን ያጣ ሰው የሚበላው ከእጁ ሥራ ብቻ ነውና፣ ከወንዱ ብረት መቀጥቀጥና ሸማ መሥራት፣ ከሴቲቱም ሸክላ መሥራት የወገኑ መታወቂያ ሆነ። እንግዲህ ሥራው አላዋረዳቸውም፤ ከርስት መነቀላቸው ወደ ሥራው አገባቸው፤ ከዚያ በኋላ ውርደቱ ለሥራው ተሰጠ።

ይህም እውነት መሆኑን የጎንደር ዘመን ያስረዳል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ነገሥታቱ እየተከታተሉ ግንብ ሲያሠሩ፣ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እጅግ ተፈለጉ። ከመካከላቸውም ማዕረግና መሬት ያገኙ አለቆች ነበሩ። እርግጥ በዐፄ ዮሐንስ ጻድቁ ዘመን በተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲቀመጡ ተወስኗል፤ እንዲህም ሆኖ መሬትና ማዕረግ ያለውን ግንበኛ ደፍሮ የሚሰድብ ጥቂት ነው። በ1761 ዓ.ም. ዘመነ መሳፍንት በጀመረ ጊዜ ግን፣ ነገሥታቱ ግንብ ማሠሪያ ቀርቶ የራሳቸው ግብር ማብሊያ ቸገራቸው። ግንበኛውም ወደ ወናፉ ተመለሰ። በቡዳነት መጠርጠሩም የበረታበት በዚሁ ሥራ በጠፋበት፣ መሬት በተወሰደበት ዘመን ነው። የግንበኛው እጅ ያው የትላንቱ እጅ ነበረ፤ የተለወጠው በእጁ ላይ የነበረው ርስት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው ናትናኤል ፒርስ የሚባለው እንግሊዛዊ፣ ጠይቦች ጅብ ይሆናሉ ተብለው እንዴት ይፈሩ እንደ ነበረ ጽፏል። ሕፃን በታመመ ጊዜ፣ ላም በነጠፈች ጊዜ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከመንደሩ ዳር ያለው የቀጥቃጩ ቤት ነው። ፍርሃቱ ለተሰዳቢው እንደ ጋሻ የሆነበት ጊዜ የለም አይባልም፤ ነገር ግን በፍርሃት የሚኖር ጎረቤት ቀን ሲከፋ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው በዚያው በሚፈራው ሰው ላይ ነው።

ይህ የሰሜኑ ብቻ አይደለም። በጉራጌ ፉጋ የሚባሉት የእንጨት ሥራ ዐዋቂዎች የቤቱን ምሰሶ ያቆማሉ፤ ያለ እነርሱም ትልቅ ቤት አይቆምም ነበር፤ እነርሱ ግን መሬት እንዲይዙ አይፈቀድላቸውም ነበር። በከፋ ማንጆ፣ በጣና ዳር ወይጦ፣ በወላይታና በዳውሮም ሸክላ ሠሪውና ቈዳ ፋቂው በየስማቸው ተለይተው ኖረዋል። ቋንቋው ልዩ ልዩ፣ ሃይማኖቱም ልዩ ልዩ ሲሆን፣ መሬት የሌለውን ባለ እጅ ከማዕድ ማራቁ አንድ ሆኖ መገኘቱ ብዙ የሚያስተምር ነው።

ከነገሥታቱ መካከል የብረትን ክብር አስቀድመው ያወቁት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ፈረንጆቹን ሰብስበው መድፍ አስፈሰሱ፤ ሴባስቶፖል የተባለውም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ እስከ መቅደላ ተጐተተ። መንገድ ሲሠራም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ነገር ግን የፈረንጆቹ የነቫልድማየር ስም ሲጠራ ይኖራል፤ ከእነርሱ ጋራ ወናፍ የነፉት የአገር ልጆች ስም እንደዚያ አልታወቀም።

በሕግ የተነገረው ዐዋጅ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ነው። በ1900 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሚኒስትሮቹን ከሾሙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። የዐዋጁ ሐሳብ እንዲህ ነው። ብረት የሚሠራው ጠይብ እየተባለ፣ ሸማ የሚሠራው ሸማኔ እየተባለ ይሰደባል፤ የሚጽፈው ጠንቋይ ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ደብተራ ይባላል፤ ለሁሉ እንጀራ የሚያበቅለውና ከንጉሥ የሚበልጠው አራሽም ገበሬ ተብሎ ይናቃል። በዚህ ምክንያት ሙያ ያለው ሙያውን እየጣለ አገሪቱ ባዶዋን ቀረች። ሰው ሁሉ ግን ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ አንድ ዘር ነው። ከእንግዲህ ወዲህ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቈጥሮ አንድ ዓመት ይታሰራል፤ ማሰር የሚቸግረው ሹም ቢኖር ሰዳቢውን ወደ ንጉሡ ይስደደው።

በዚህ ዐዋጅ ውስጥ ጸሓፊውና ደብተራው ከጠይቡ ጋራ በአንድ ተርታ መጠራታቸውን ማስተዋል ይገባል። ደብተራ በግዕዝ ድንኳን ማለት ነው፤ ባስልኤል የሠራትም ድንኳን ደብተራ ትባላለች። ስሙ ከድንኳኒቱ ወደ አገልጋዩ ተላለፈ፤ በመጨረሻም እንደ ጠቢብ ስም መሰደቢያ ሆነ። የድንኳኒቱም ስም፣ የድንኳኒቱ ሠሪም ስም አንድ ዓይነት ዕድል አገኛቸው። ካህኑ ጠይቡን ቡዳ ሲለው፣ ባላገሩ ደግሞ ከበስተኋላው ካህኑን አስማተኛ ይለው ነበር፤ ምኒልክም ሁለቱን በአንድ ዐዋጅ ጠበቋቸው።

ይሁን እንጂ ዐዋጁ የከለከለው አፍን ነው፤ መሬትን አላካፈለም። በገበያ መካከል ጮኾ የሚሰድብ ቢቀንስ፣ በልብና በማዕድ ያለው መለያየት እንደ ነበረ ቈየ። የዐዋጁ ቃል በአዲስ አበባ ሲነበብ፣ የፉጋው ቤት እንደ ቀድሞው በሌላ ሰው መሬት ላይ ነበር። ይህን የለወጠው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። መሬት በእጁ አርሶ መኖር ለሚፈልግ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር ይሰጥ ስለ ተባለ፣ በብዙ ስፍራ ሸክላ ሠሪውና ፋቂው መጀመሪያ ጊዜ የራሱ የሚለው ማሳ ያዘ። ያ መንግሥት በሌላ ነገር ብዙ ደም ያፈሰሰ መሆኑ አይካድም፤ ዐዋጁ ግን ምኒልክ በቃል የጀመሩትን በመሬት እንደ ቀጠለ መመስከር ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይናገራል።

ያም ሆኖ ዲና ፍሪማንና አልኡላ ፓንክረስት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው በደቡብ ምዕራብ ያሉትን ባለ እጆች ነገር ሰብስበው ሲገልጹ፣ አብሮ መብላት፣ መጋባትና በአንድ ስፍራ መቀበር ገና የተከለከለባቸው ወገኖች መኖራቸውን አሳይተዋል። መሬት የሰጠ ዐዋጅ መቃብር አልሰጠም።

የቤተ እስራኤልም ነገር በሌላ መንገድ ተፈጸመ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ 14,000 የሚያህሉ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በዚያ ቡዳ የሚላቸው ባይኖርም፣ በ1988 ዓ.ም. ለሕሙማን የለገሱት ደም በስውር ሲጣል እንደ ኖረ በተገለጠ ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም ብዙ ሺህ ሆነው ተሰልፈው ጮኹ። እዚህ በዓይናቸው የተጠረጠሩት እዚያ በደማቸው ተጠረጠሩ።

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብሎ ወለቃ የሚባል የእነርሱ መንደር ነበረ። ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ መንደሩ ከነስሙ ቀርቷል። የሸክላውን ሥራ የያዙት የክርስቲያን ሴቶች ናቸው፤ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥት ሳባን፣ ባለ ስድስት ማዕዘንም ኮከብ በጭቃ እየቀረጹ በመንገድ ዳር ለሚያልፈው መንገደኛ ይሸጣሉ።