በትናንሽ ሳተላይቶች ወደ ሕዋ የተላኩ የሥነ ጥበብ ሥራዎች

የሳተላይት ግንባታ ወጪ እየቀነሰ በመምጣቱ የሥነ ጥበብ ባለሙያዎችም ሥራዎቻቸውን ወደ ምድር ምሕዋር መላክ ችለዋል። ይሁንና የሥራዎቹ ዕጣ ከጥበቡ ባልተናነሰ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ የሚወሰን መሆኑን ተሞክሮዎች ያመለክታሉ።

በጃፓን የታማ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲና የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሠሩት «ኢንቬደር» በየካቲት ወር 2006 ዓ.ም. መጥቋል። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ይህ ሳተላይት ሙዚቃና ግጥም እያቀናበረ በሬዲዮ ሞገድ ለማስተላለፍ የተሠራ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ተቃጥሏል።

ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተተኮሰ አንድ ሮኬት ሁለት የሥነ ጥበብ ሥራዎችን ይዞ ነበር። የባሃማስ ተወላጁ ታቫሬስ ስትራቻን ሥራ «ሄኖክ» የተሰኘ ሲሆን፣ ለጠፈርተኝነት የተመረጠውን የመጀመሪያ ጥቁር አሜሪካዊ ሮበርት ሎውረንስን የሚዘክር የወርቅ ቅርጽ ነው። ስያሜው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ቋንቋ ነውና።

ሁለተኛው የትሬቨር ፓግለን ሥራ ሲሆን፣ በሕዋ ተነፍቶ የፀሐይን ብርሃን የሚያንጸባርቅ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ፊኛ ነበር። ፊኛውን ለመንፋት የሚያስፈልገው ፈቃድ በመጠበቅ ላይ ሳለ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በበጀት ውዝግብ ምክንያት ለ35 ቀናት በከፊል ተዘጉ። በመካከሉም ከሳተላይቱ ጋር የነበረው ግንኙነት በመቋረጡ ሥራው ሳይታይ ቀርቷል።

የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች በበኩላቸው መሰል አንጸባራቂ አካላት ምልከታን ያውካሉ ሲሉ ተቃውመዋል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በላይ በተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ላይ የሚገኘው የምልከታ ማዕከል ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃም የተሰበሰበው በዚሁ በእንጦጦ በተገነባው ጣቢያ ነው። ስለሆነም ጠቆር ያለ ሰማይ ለማዕከሉ፣ ያልተዛባ የሬዲዮ ሞገድም ለጣቢያው አስፈላጊ ነው።

በ1959 ዓ.ም. ለፊርማ የቀረበው ዓለም አቀፍ የሕዋ ስምምነት፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ አካላት በሕዋ ለሚያከናውኑት ተግባር የሚመለከተው አባል አገር ፈቃድ እንዲሰጥና ቀጣይ ቁጥጥር እንዲያደርግ ይደነግጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀርብለት መሥሪያ ቤት ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል። እነርሱም የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀሙ፣ በምልከታ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖና የአገልግሎት ዘመኑ ሲያበቃ ከምሕዋር የሚወገድበት መንገድ ናቸው። ምላሹ በወቅቱ መሰጠቱም የውሳኔው አካል መሆኑን የፓግለን ሥራ ያስረዳል።