የጤና ኢኮኖሚ ትንተና በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት ዕቅድ

የጤና ኢኮኖሚ ትንተና ለጤና የተመደበው ውስን ገንዘብ የትኞቹ አገልግሎቶች ላይ ቢውል ብዙ ሕይወትና ጤና እንደሚያተርፍ የሚመዝን የዕቅድ ዘዴ ነው። ብዙ ጊዜ ወጪ መቀነሻ ተደርጎ ይታያል፤ አይደለም። መነሻው ለአንዱ ታማሚ የወጣው ብር ለሌላው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር የሚል ጥያቄ ነው።

የኩፍኝ ክትባትና የደም ግፊት ሕክምና በአንድ መስፈሪያ ካልተሰፈሩ አይወዳደሩም። ለዚህ የሚያገለግለው «ዳሊ» የተባለው መለኪያ ያለዕድሜ በመሞት የቀሩትን ዓመታት፣ በሕመምና በአካል ጉዳት ከተኖሩት ዓመታት ጋር እንደ ጉዳቱ ክብደት እየመዘነ ይደምራል። በስፋት የታወቀው የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው የዓለም ልማት ሪፖርት ነው።

የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣውን የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ፓኬጅ በ2019 ሲከልስ ይህን ስሌት ተጠቅሟል። ከተካተቱት 1,018 አገልግሎቶች 594ቱ ከፍተኛ ቅድሚያ አገኙ፤ 570ዎቹ በነጻ እንዲሰጡ ተወሰነ። የወጪና ውጤት ንጽጽር ግን ከሰባቱ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነበር። የበሽታው ጫና፣ ፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን ከሕክምና ወጪ መታደግ፣ በጀቱን የመሸከም አቅም፣ እንዲሁም የሕዝብና የፖለቲካ ተቀባይነት አብረው ታይተዋል።

አንድ መመዘኛ ብቻውን የማይበቃው ለምን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ላይ የወጣ ጥናት በደንብ ያሳያል። ጥናቱ ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት የዘጠኝ አገልግሎቶችን ወጪ ቢሸፍን በ100,000 ዶላር ምን እንደሚገኝ አሰላ። በሚያስቀረው ሞት የኩፍኝ ክትባት በ367 አንደኛ ሆነ፤ የሳንባ ምች መከላከያው የኒሞኮካል ክትባት በ170፣ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ በ141 ተከተሉ። የሚቆጠረው ድህነት ሲሆን ግን ሰልፉ ተገለበጠ፦ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ 98፣ የቲቢ ሕክምና 96፣ የደም ግፊት ሕክምና 84 የድህነት አጋጣሚዎችን ያስቀራሉ። ክትባቶቹ ከፊት መስመር ወጡ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና በአንድ ሌሊት በሬ ያሸጣል፣ የደም ግፊት ክኒን ደግሞ ዕድሜ ልክ ይገዛል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ሒሳቡ ሳይሆን ምን ይቆጠር የሚለው ምርጫ ነው፤ ይህ ደግሞ የኢኮኖሚ ባለሙያ ብቻውን የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም።

የፍትሐዊነት ነገርም እንዲሁ ነው። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ጋ ክትባት ማድረስ ከተማ ውስጥ ከማድረስ ይበልጥ ውድ ነው። ስሌቱ ብቻውን ቢፈርድ እነዚህ ሕፃናት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋሉ።

የአገልግሎቶቹ የቅድሚያ ደረጃ ራሱም ያረጃል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት በብር ሲተመን ዋጋው ንሯል፤ የጤና ባለሙያ ደመወዝ ግን የሚከፈለው በብር ነው። ስለዚህ መድኃኒት የሚበዛበት አገልግሎት በባለሙያ ጉልበት ላይ ከቆመው አንጻር ቀድሞ ከተሰላው በላይ ውድ ይሆናል፤ የቀድሞው የቅድሚያ ሰንጠረዥም እንደገና መሰላት አለበት።