ከባሕረ ሐሳብ እስከ ኮምፒዩተር ስሌት

ከዚህ ከደብረ ወርቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የሚማሩት ታላላቆቻችን «ኑሜሪካል ሜተድስ» የሚባል ትምህርት ይገጥማቸዋል። ይኸውም በቀመር አንድ ጊዜ የማይፈታውን ጥያቄ በግምት ጀምሮ፥ ግምቱን ደረጃ በደረጃ እያረሙ ወደ እውነተኛው መልስ መቅረብ ነው። ሥራው እጅግ ተደጋጋሚ ስለ ሆነ ማትላብ ወይም ኦክታቭ በሚባል ሶፍትዌር በኮምፒዩተር ይሠራል። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ለእኛ ፍጹም ባዕድ የሆነ ይመስለናል። ስለዚህ በቁጥር ተራ በተራ እየሄዱ መልስ ማግኘት በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ የቆየ ሥራ መሆኑን፥ ከሥራውም ጋር አብሮ የሚኖረውን የስሕተት ነገር ለአንባብያን ለመግለጽ አስበናል።

ባሕረ ሐሳብ የአጽዋማትና የበዓላት መዋያ ተሰልቶ የሚገኝበት ትምህርት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግብጻዊ አቡሻክር የጻፈው የሐሳብ መጽሐፍም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ በሊቃውንቱ እጅ ሲሠራበት ኖሯል።

ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. ፋሲካን እንፈልግ። 2017 ላይ 5500 ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ይገደፋል፤ ማለት 19 እየተጣለ ትራፊው ይያዛል። ትራፊው 12 ነው፤ ከእሱ አንድ ሲቀነስ ወንበር 11 ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209፥ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ አበቅቴ 1 ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ አንድ ቦታ ስሕተት ተሠርቷልና፥ ስሌቱ የራሱን መቈጣጠሪያ ይዞ ይሄዳል። መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ስለ ዋለ የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመር 33፥ በ30 ሲገደፍ መባጃ ሐመር 3 ይሆናል። ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባች ማለት ነው። ከዚያ የፋሲካ ተውሳክ 69 ቢጨመር 72፥ ሁለት ወር ሲነሣለት ሚያዝያ 12። ፋሲካም በዚያው ቀን ዋለ። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጡት ጓደኞቻችን ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት በጣታቸው ይቈጥሩታል።

ነገር ግን ይህ መልካም ስሌት የቆመው በሁለት ግምቶች ላይ ነው። አንደኛው ዓመቱ 365 ቀን ከ6 ሰዓት ነው የሚለው ነው። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ከዚህ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። ሁለተኛው 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ነው የሚለው ሲሆን፥ በእርሱም የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት አለ። 11 ደቂቃ ምን ትጐዳለች? በአንድ ዓመት ምንም። በ128 ዓመት ግን አንድ ሙሉ ቀን ትሆናለች። ይህን የምንለው ሊቃውንቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ አውሮፓውያንም ይዘውት የኖሩት ይህንኑ ልክ ነበርና። ከኒቅያ ጉባኤ ወዲህ የተጠራቀመው ስሕተት 10 ቀን ቢደርስ፥ በእነሱ አቆጣጠር በ1582 ዓመተ ምሕረት ከኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ነው ብለው ዐወጁ። በ2016 ዓ.ም. የእኛ ፋሲካ ከእነሱ በአምስት ሳምንት የዘገየው፥ በ2017 ደግሞ በአንድ ቀን የገጠመው፥ ሁለቱ ስሌቶች በየራሳቸው መንገድ ስለሚሄዱ ነው። ልዩነቱም ገና ያድጋል፤ በ2093 ዓ.ም. እንቍጣጣሽ በእነሱ ሴፕቴምበር 12 ቀን ይውላል።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት እንመለስ። በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጠውን ቁጥር ለማግኘት የእስክንድርያው ሄሮን ከ1900 ዓመት በፊት የጻፈው ዘዴ አለ። 1 ነው ብለን እንገምት። 2ን ለ1 ብናካፍል 2 ይሆናል፤ የ1ና የ2 አማካይ 1.5 ነው። እንደ ገና 2ን ለ1.5 አካፍለን አማካዩን ብንወስድ 1.4167፤ በሦስተኛው ዙር 1.4142157 እናገኛለን። ይህም በራሱ ቢባዛ 2.000006 ይሆናል። ሦስት ዙር በእርሳስ ይቻላል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ግን አንድ ሺህ የማይታወቅ ቁጥር ያለበት ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መኪና ያስፈልጋል።

ቀድሞ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 በወጣው በፎርትራን ቋንቋ ረጅም ፕሮግራም መጻፍ ነበረባቸው። የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲው መምህር ክሊቭ ሞለር ተማሪዎቹ ከዚህ ድካም እንዲያርፉ ሲል በ1970ዎቹ መጨረሻ ማትላብን ሠራ። ማትላብ ዛሬ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ያለ ክፍያ የሚገኘው ኦክታቭ ስሙን ያገኘው ኦክታቭ ሌቨንስፒል ከተባለ የኬሚካል ምሕንድስና መምህር ሲሆን፥ ይህ ሰው መልሱን በቍራጭ ወረቀት ላይ ፈጥኖ በመገመት የታወቀ ነበር። የኮምፒዩተር ሶፍትዌር በእጅ ገማች ስም መጠራቱ እኛን ደስ አሰኝቶናል።

ሆኖም መኪናውም የራሱ ትራፊ አለው። እኛ 1ን ለ3 ብናካፍል 0.333 እያልን እንደማንጨርስ፥ በ0ና በ1 ብቻ የሚቈጥረው ኮምፒዩተርም አንድ ዐሥረኛን ጽፎ አይጨርስም፤ የሆነ ቦታ ላይ ይቈርጠዋል። ተማሪው 0.1ና 0.2ን አስደምሮ አሐዙን በሙሉ ቢያስጽፈው 0.30000000000000004 ይለዋል። መምህራኑ ስለዚህ ነገር ሲያስተምሩ የሚያነሡት የታወቀ ታሪክ አለ። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዳህራን በተባለው የሳዑዲ ዐረቢያ ከተማ የነበረው የአሜሪካኖች ፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ጊዜን የሚቈጥረው በሴኮንድ ዐሥረኛ ነበር። ከእያንዳንዷ ዐሥረኛ የምትቈረጠው 0.000000095 ሴኮንድ ብቻ ናት። መኪናው ሳያርፍ 100 ሰዓት ቢሠራ ግን ስሕተቱ 0.34 ሴኮንድ ደረሰ፤ በዚህች ጊዜ የሚመጣው ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። መከላከያው ሚሳይሉን በሌለበት ቦታ ፈለገው። የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. 28 ወታደሮች ሞቱ። ስሕተቱ አስቀድሞ ታውቆ ስለ ነበር የታረመው ፕሮግራም በመንገድ ላይ ነበር፤ ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።